‹ማልቲፌሪየስ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በአማርኛ ምን እንበለው? መቼስ ነው የሚገባው?

የመንዟ መምህርት (ክሩን የከፈተችው)

ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ አካባቢ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ጓሳ፣ ማኅበረሰቡ ስለሚጠብቀው የመንዝ ደጋማ የሣር ምድር፣ ድርሰት ጽፋ አመጣች። ጥሩ ድርሰት ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ቆምኩ፤ «ጓሳ ኢዝ ኤ ማልቲፌሪየስ ፕሌስ» ይላል።

ማለት የፈለገችው ይገባኛል። ጓሳ ላይ ሣሩ አለ፣ አስታው አለ፣ ጅብራው አለ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው አሉ። ሣሩ ራሱ ስንት ነገር ይሆናል፤ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሆናል። ልጅቷ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ልትሰበስበው ነው የሞከረችው። ቃሉን ያገኘችው ቴሌግራም ላይ ከሚዞር የከባድ ቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከፊት ለፊቱ «ብዙ ዓይነት» ብሎ አልፎታል።

ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮዬ ጎረበጠኝ። በቀይ አስምሬ ብመልስላት ግን ምንም አልጠቀምኳትም። ደግማ ቃሉን አትነካውም፣ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ። ይህ ቃል በትክክል የት ነው የሚገባው? በአማርኛስ የትኛው ቃላችን ይመጥነዋል?

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

መምህርት፣ ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ይህ ቃል ብዙ ቁጥር ያለው ስም ይወዳል። አንድን ቦታ፣ አንድን ሰው፣ አንድን በግ ‹ማልቲፌሪየስ› ብሎ መጥራት አይለመድም። ወዳጆቹ ሥራዎች፣ ኃላፊነቶች፣ ፍላጎቶች፣ ምክንያቶች፣ ጥቅሞች ናቸው። አንዳንዴ ነጠላ ስምም ይቀበላል፤ ያ ስም ግን በውስጡ ብዙ ነገር ያቀፈ መሆን አለበት፤ እንደ «ስብስብ» ያለ።

ትርጉሙ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል። መብዛትና በዓይነት መለያየት። አንድ ሺህ ነጭ በግ ብዙ ነው እንጂ ማልቲፌሪየስ አይደለም። ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችም የተለያዩ ናቸው፣ ግን ለዚህ ቃል ገና ያንሳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ቃሉ ቦታውን የሚያገኘው።

ስለዚህ ልጅቷ ከራሷ ድርሰት ውስጥ የተሻለ ዐረፍተ ነገር አላት። ስለ ሣሩ የጻፈችውን ታምጣው። «ዘ ማልቲፌሪየስ ዩዝስ ኦፍ ጓሳ ግራስ» ብትል ቀጥ ይላል። ክዳን፣ ገመድ፣ ገሳ። ጥቅሞቹ ብዙ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ቃሉ የተሠራው ልክ ለእንዲህ ያለው ነው።

አመጣጡ ከላቲን ነው። ‹ሙልቲፋሪያም› የሚል ተውሳከ ግስ ነበር፤ በብዙ ቦታ፣ በብዙ መንገድ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይገኛል። አነባበቡ ላይ ጫናው ‹ፌ› ላይ ይወድቃል። ተማሪዎች ‹ማል› ላይ ይጫኑታል፤ ያ ቃሉን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጽሑፍ ቃል ነው። ለጓደኛ ሻይ እየጠጡ የሚናገሩት አይደለም። በድርሰት ውስጥ አንዴ ከገባ ይበቃል።

የጅሩ ልጅ

ተርጓሚዋ እናመሰግናለን። ለአማርኛው እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። «ዘርፈ ብዙ» አይሆንም? ዜና ላይ ሁሌ እሰማዋለሁ። ዘርፈ ብዙ ችግር፣ ዘርፈ ብዙ ድጋፍ ይባላል።

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

የጅሩ ልጅ፣ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝና ታገሠኝ።

«ዘርፈ ብዙ» ጥሩ ቃል ነበር። አሁን ግን ደክሟል። መግለጫ የሚጽፍ ሁሉ ስለሚያነሳው ሰሚው ጆሮ ላይ ሳያርፍ ያልፋል። ሌላም ችግር አለው። ዘርፍ ስንል ዛሬ በአእምሯችን የሚመጣው የጤና ዘርፍ፣ የትምህርት ዘርፍ፣ የግብርና ዘርፍ ነው። ስለዚህ ዘርፈ ብዙ ድጋፍ ሲባል በርካታ መሥሪያ ቤቶችን የሚነካ ድጋፍ ማለት ሆኗል። የጓሳ ሣር ጥቅም ዘርፈ ብዙ ነው ካልክ ሰውዬው የሚያስበው ቢሮ ነው፤ የቤት ክዳን አያስብም።

«ፈርጀ ብዙ» አለ። ይህን እወደዋለሁ። ፈርጀ ብዙ የምንለው ግን አንድ ነገር ሆኖ ብዙ ገጽ ሲኖረው ነው። አንድ ጥያቄ ፈርጀ ብዙ ይሆናል፤ ከየትም ብታየው ሌላ ገጽ ያሳይሃል። ለዚህ እንግሊዞች ሌላ ቃል አላቸው፣ ‹መልቲፋሴትድ› ይሉታል። ‹ማልቲፌሪየስ› አንድ ነገር ብዙ ገጽ አለው አይልም። ነገሮቹ ራሳቸው ብዙ ናቸው፣ ዓይነታቸውም ብዙ ነው ይላል።

«ሁለገብ» ደግሞ ለሰውና ለመሣሪያ ነው። ለብዙ ነገር የሚሆን፣ በሁሉም የሚገባ ማለት ነው። ይህም ሌላ ነው።

ለእኔ የሚቀርበው ተራው «ልዩ ልዩ» ነው። ሰው ተራ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔ ግን ሥራዬ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያገለግለኝ እሱ ነው። «የሣሩ ልዩ ልዩ ጥቅም» ስትል መብዛቱም መለያየቱም አብሮ ይሰማል። ለምን ይመስልሃል? ስለተደገመ ነው። አማርኛ ብዝኃነትን መናገር ሲፈልግ ቃሉን ወይም ፊደሉን ይደግማል። ረጃጅም፣ ትልልቅ፣ ዓይነት ዓይነቱ፣ ቀለም ቀለሙ። እንግሊዝኛ ይህ መንገድ ስለሌለው ከላቲን ረጅም ቅጽል ተበደረ። እኛ በቤታችን ያለውን ደግመን እንናገራለን።

እንዲያውም በየምግብ ቤቱ ጾም በመጣ ቁጥር የምናዝዘው ምንድን ነው? በያይነቱ አይደል? ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ አንድ እንጀራ ላይ። ብዙ ነው፣ ዓይነቱም ይለያያል። ‹ማልቲፌሪየስ›ን ለተማሪ በአንድ ጊዜ ማስረዳት ከፈለጋችሁ በያይነቱን አሳዩት።

ዶሮ ተራ

እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፣ ግን ስለ ዓይነት የምታወሩትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ደብረ ብርሃን ዶሮ እሸጣለሁ። የበዓል ዋዜማ ገበያችን መጥታችሁ እዩ። ገዢው ይመጣና «ልዩ ልዩ ዶሮ አለህ?» አይልም። ስም ይጠራል። ገብስማ አለህ ወይ ይላል። ወሰራ ይላል። ዛጎልማ ይላል። ቀይ አውራ ይላል። ገብስማ ማለት ላባው እንደ ገብስ ፈዘዝ ብሎ ነጭና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። አንዷ እናት ትመጣለች፣ እግሩን ገልብጣ ታያለች፣ ኩክኒውን በጣቷ ትነካለች፣ ደረቱን ትጨብጣለች፣ ከዚያ «ይህ ወሰራ አይደለም፣ ሌላ አምጣልኝ» ትላለች። እኔም ክርክር አልገጥምም፣ ከቅርጫቱ ሌላ አወጣለሁ።

የእኔ ነጥብ ይህ ነው። እኛ ነገሩን በቅርብ ስናውቀው ስሙን ነው የምንቆጥረው። «ልዩ ልዩ» የምንለው ከሩቅ ስናየው ነው።

የመንዟ መምህርት

ዶሮ ተራ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ለክፍል የሚሆን ነው። ልጆቹ ከባድ ቅጽል ከመጻፋቸው በፊት መጀመሪያ ስሞቹን ይዘርዝሩ እላቸዋለሁ። ክዳን፣ ገመድ፣ ገሳ ብለው ከጻፉ በኋላ ‹ማልቲፌሪየስ› ቢመጣ ምን እንደሚሰበስብ ያውቃል። ዝርዝሩ ከሌለ ባዶ ቃል ነው።

በጎቻችንም እኮ እንደዚያው ናቸው። የመንዝ በግ ጥቁር አለ፣ ቡናማ አለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ አለ። ሁሉም የየራሱ ስም አለው። ባናው የሚሠራው ከዚሁ ጸጉር ነው።

12ኛ ክፍል

እኔ ነኝ ድርሰቱን የጻፍኩት። መምህርት ክሩን አሳየችኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ‹ኔፌሪየስ› የሚልም ቃል ዝርዝሩ ላይ አለ። ጅራቱ አንድ ነው። ወንድማማች ናቸው? ሌላው፣ ‹ቬሪየስ›፣ ‹ዳይቨርስ›፣ ‹ቬሪድ›፣ ‹ሰንድሪ›፣ ‹ሞትሊ› የሚሉትን ሁሉ ዝርዝሩ «ልዩ ልዩ» ብሎ ነው የተረጎማቸው። ሁሉም አንድ ከሆኑ ለምን ይህን ሁሉ እናጠናለን?

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ጎበዝ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው።

‹ኔፌሪየስ› በትርጉም ወንድም አይደለም። እሱ እኩይ፣ እጅግ ክፉ ማለት ነው። የመጣው ‹ፋስ› ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ፈጣሪ የፈቀደው፣ ቅዱስ ሕግ ማለት ነው። ፊቱ ላይ ‹ኔ› ሲገባ አይደለም የሚል ሆነ። ጅራታቸው ቢመሳሰልም ትርጉማቸው አይገናኝም። ፈተና ላይ አደባልቀሽ «የእናቴ ኔፌሪየስ ሥራዎች» ብትዪ እናትሽን ወንጀለኛ አደረግሻት ማለት ነው። በጣም ተጠንቀቂ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ዝርዝሩ በድሎሻል። አንድ አይደሉም።

‹ቬሪየስ› ተራው ነው። የተለያዩ ጥቂት ነገሮች ሲኖሩ ይበቃል፤ በየቀኑ ተናገሪው። ‹ዳይቨርስ› ስትዪ ልዩነቱ ራሱ ጎልቶ እንዲታይ ፈልገሻል፤ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ባህል፣ ስለ ዕፅዋት ስታወሪ ይመጣል። ‹ሰንድሪ› ለጥቃቅን ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ክብሪት፣ መርፌ፣ ሻማ፣ ሳሙና አንድ መደርደሪያ ላይ ተደባልቆ ሲቀመጥ። ‹ሞትሊ› ላይ ደግሞ ንቀት ቀረብ ይላል። ጥንት የአጫዋቾች ባለ ብዙ ቀለም ልብስ ስም ነበር፤ አሁን እርስ በርሱ የማይሄድ ስብስብን ይገልጻል። ሰዎችን እንዲህ ብትዪ ሊከፋቸው ይችላል። ‹ቬሪየጌትድ› የሚልም ታገኛለሽ። እሱ ለቀለም ነው፣ በተለይ ለቅጠል። ለእሱ አማርኛው ያለ ክርክር ዥንጉርጉር ነው።

‹ቬሪድ›ን ያዢው። ላንቺ ድርሰት የሚሆነው እሱ ነው። ነጠላ ስም በደስታ ይቀበላል። ስለ ጓሳ በአጠቃላይ መናገር ከፈለግሽ መልክዓ ምድሩን ወይም እንስሳቱን ‹ቬሪድ› በዪ። ‹ማልቲፌሪየስ›ን ለሣሩ ጥቅሞች አቆዪው።

ቆላ ወራጅ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ‹ቬሪድ› ካነሳችሁ እኔ የምመላለስበት መንገድ ነው ትዝ ያለኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመሀላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት ጋቢ ተከናንቤ ከደብረ ብርሃን እነሳለሁ። ገብሱና ባቄላው ግራና ቀኝ ነው። ጣርማ በር ዋሻውን እንደወጣን ጉም ይቀበለናል፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ስንደርስ ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ስገባ በሸሚዝ ነኝ። ገብሱ የለም፤ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ነው።

ጥያቄዬ፣ ይህን በእንግሊዝኛ ለእንግዳ ስጽፍ መሬቱን ‹ቬሪድ›፣ የሚመረተውን ደግሞ ‹ማልቲፌሪየስ› ብል ልክ ነኝ?

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

ልክ ነህ። የሚመረተውን ግን በብዙ ቁጥር አድርገው። ‹ክሮፕ› ሳይሆን ‹ክሮፕስ› በለው። እውነቱን ለመናገር ለእንግዳ መንገድ መግለጫ ከሆነ ቃሉን ተወውና ገብስ፣ ባቄላ፣ ማሽላ፣ ማሾ ብለህ ቁጠርለት። ዶሮ ተራ ያለው ነገር እዚህም ይሠራል። እንግዳው ቅጽሉን ይረሳል፤ ማሾን ግን ሄዶ ይጠይቃል።

ገብስ ወዳድ

ግብርና ነው የተማርኩት። ስለ ጅራቱ አንድ የምጨምረው አለኝ። በዕፅዋት ትምህርት ‹ባይፌሪየስ› የሚል ቃል አለ። በሁለት ረድፍ የተደረደረ ማለት ነው። ‹ባይ› ሁለት ነው፣ ጅራቱ ረድፍን ያመለክታል። ቅጠሎች ከግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት መስመር ሲወጡ እንዲህ ይባላሉ።

ከእኛ አገር ሰብል ሐሳቡን በዓይን የሚያሳየው ገብስ ነው። ገብስ ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ስድስት ረድፍ አለ። ልዩነቱን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም። ዛላውን ከላይ አቅንታችሁ ተመልከቱት። ባለ ሁለት ረድፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሬው በግራና በቀኝ አንድ አንድ መስመር ይዞ ወርዷል። በየመስመሩ መሀል ያልጎለበቱ ቀጫጭን ቅርፊቶች አሉ፤ እነዚያ ፍሬ ያልያዙት አበቦች ናቸው። ባለ ስድስት ረድፉ ላይ እነሱም ፍሬ ይዘዋል፣ ስለዚህ ዛላው ዙሪያውን ሞልቶ ይወፍራል። ለቢራ ብቅል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባለ ሁለት ረድፉ ነው፤ ፍሬው እኩል እኩል ስለሚሆን አንድ ላይ ይበቅላል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከፋብሪካ ገዢዎች ጋር ሲደራደር ነው።

ገበሬው የራሱ አከፋፈልም አለው። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ገለባው ቶሎ ይለቃል፤ ለመፈተግ አያደክምም። ስሙ ራሱ ሥራውን ይነግራል። ጤፍ ላይም ነጩና ቀዩ ሲቀላቀል ሰርገኛ ነው። እኔ ‹ሚክስድ› የሚለውን ሁሌ በሰርገኛ ነው የማስታውሰው።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ‹ፌሪየስ› እና የእኛ ‹ፈርጅ› ድምፃቸው ተቀራረበ፣ ትርጉማቸውም ተቀራረበ። ዝምድና ይኖራቸው ይሆን?

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

የለም፣ አጋጣሚ ነው። አንዱ ላቲን፣ አንዱ ሴማዊ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ በድንገት የሚገጣጠሙ ቃላት ብዙ ናቸው። ለማስታወስ ግን ተጠቀሙበት፤ ለተማሪ ግሩም መንጠልጠያ ነው። ዝምድና አላቸው ብላችሁ ብቻ አታስተምሩ።

ስለ ዛላው የጻፍከው በጣም ደስ ብሎኛል። ሁልጊዜ ገብስ አያለሁ፣ እነዚያን ቀጫጭን ቅርፊቶች ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር።

ጠበቃው

ይህ ቃል በእኔ ሙያ ውስጥ ሌላ ጠባይ ስላለው ለሕግ ተማሪዎች ልናገር። እናንተ እንደ ምስጋና ነው የያዛችሁት። በእንግሊዝና በአሜሪካ የፍርድ ቤት ቋንቋ ውስጥ ግን ጉድለት ነው። ከሳሽ እርስ በርስ የማይገናኙ ጉዳዮችን በአንድ የክስ ጽሑፍ ውስጥ ሲያጭቅ፣ ወይም ጉዳዩ የማይመለከታቸውን ተከሳሾች አንድ ላይ ሲጎትት ክሱ ‹ማልቲፌሪየስ› ነው ተብሎ ተቃውሞ ይቀርብበት ነበር። ስሙም ‹ማልቲፌሪየስነስ› ይባላል። ይህ የመጣው ከድሮው የኤኩዊቲ (የርትዕ) ችሎት ነው።

ዛሬም አልጠፋም። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ይግባኝ ባይ በአንድ የይግባኝ ነጥብ ሥር ብዙ የተለያዩ ቅሬታዎችን ካደባለቀ ፍርድ ቤቱ ነጥቡን ‹ማልቲፌሪየስ› ይለዋል። ላያየው ይችላል።

እዚህም አንድ ሰው መጥቶ የድንበር ክርክሩን፣ የብድሩን ነገርና የስድቡን ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ ይለኛል። አንድ በአንድ እንለያያቸው እለዋለሁ። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክሶችን ስለማጣመር የራሱ ደንብ አለው። ለዚህ ፍርድ ቤት ‹ልዩ ልዩ› ብትሉት ጥፋቱ አይሰማም። እዚህ ቦታ ላይ «የተደበላለቀ» ወይም «የማይገናኙ ጉዳዮችን ያጣመረ ክስ» ብሎ መተርጎም ይሻላል።

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

ጠበቃው፣ ይህን ባትነግሩን ኖሮ ትልቅ ነገር ይጎድለን ነበር። የሕግ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላት አይቶ «ዓይነተ ብዙ ክስ» ብሎ ቢጽፍ ዳኛው ምን ይረዳል? ስለዚህ ከመተርጎማችን በፊት ቃሉ ምን ችሎት ላይ እንደቆመ እንይ። በድርሰት ውስጥ ሲሆን ልዩ ልዩ፣ በክስ ውስጥ ሲሆን የተደበላለቀ።

የጅሩ ልጅ

እኔ «ዘርፈ ብዙ»ን ለዜና ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሰው ላይ ጨርሶ አይገባም? አባቴ ያርሳል፣ ሰንጋ ያደልባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ይህን ሰው በእንግሊዝኛ ምን እለዋለሁ?

ተርጓሚዋ (ደብረ ብርሃን)

አባትህን ራሱን ‹ማልቲፌሪየስ› አትበለው። ሥራዎቹን በለው። ‹ሂዝ ማልቲፌሪየስ ዱቲስ› ብትል አንድም እንግሊዝኛ አዋቂ አይነቅፍህም። ከዚያ ደግሞ አራቱን ዘርዝር፤ እርሻው፣ ድለባው፣ ቅዳሴው፣ ዕርቁ። በአማርኛ «አባቴ ያለበት ልዩ ልዩ ኃላፊነት» ካልክ ደርሰሃል። እሳቸውን ራሳቸውን መግለጽ ከፈለግህ ሁለገብ ሰው ናቸው በል።

12ኛ ክፍል

አሁን ገባኝ። ድርሰቱን አስተካክዬዋለሁ። መጀመሪያ ጓሳን ‹ቬሪድ› አልኩት። ከዚያ ሣሩ ላይ ስደርስ ክዳኑን፣ ገመዱን፣ ገሳውን ጻፍኩና «ዚዝ ማልቲፌሪየስ ዩዝስ» ብዬ ጠቀለልኩት። አያቴ ገሳ ትሠራ ስለነበር የአሠራሩን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። መምህርት፣ ነገ ጠዋት አመጣልሻለሁ።

የመንዟ መምህርት

አምጪው የኔ ልጅ። ‹ዚዝ› ጥሩ ነው፣ የዘረዘርሽውን ወደ ኋላ ይጠቁማል። ገሳው ላይ ግን ሣሩ ከመታጨዱ በፊት ምን ያህል እንዲያድግ እንደሚጠበቅ አያትሽን ጠይቀሽ ጨምሪ። ጓሳ ላይ ሣሩ እንደፈለጉ አይታጨድም፤ የማኅበረሰቡ ክልከላና የመክፈቻ ጊዜ አለው። አንባቢ ይህን ማወቅ አለበት። ደግሞ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ‹ፌ› ላይ ጫኚ።